ከሙሶሊኒ ዋንጫ እስከ «ጤዛ»፦ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ሽልማት እንዴት እናስታውሰው?

ጣና ዳር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዓርብ ማታ «ጤዛ»ን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሳይ አመሸሁ። እኔ ፊልሙን በልቤ ነው የማውቀው፤ እሱ ግን ገና 19 ዓመቱ ነው፣ አይቶት አያውቅም። አልቆ መብራቱን ሳበራ «ይሄ ነው ቬኒስ የሸለመችው? ለመሆኑ ምን ሰጠችው?» አለኝ። «አንበሳ መሰለኝ» አልኩት፤ የፌስቲቫሉን ትልቁን ሽልማት ማለቴ ነው። ተሳስቼ ነበር። ላጣራ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሳላስበው ነጋ።

ሽልማቱ የተሰጠው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙን ልንሸኝ አምስት ቀን ሲቀረን ማለት ነው። ኃይሌ ገሪማ ሁለት ሽልማት ይዞ ወጣ፦ የዳኞች ልዩ ሽልማትና ለምርጥ የፊልም ድርሰት የሚሰጠውን ወርቃማ ኦዜላ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን፣ ሙሶሊኒ በ1937 ወደ ሮም ያስጋዘው የአክሱም ሐውልት በሀገሩ አፈር ላይ ተተክሎ ተመርቋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሳምንት መሆናቸውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር። እናንተ ታውቁ ነበር?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ያው የቬኒስ ፌስቲቫል ከዚያ 70 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ «ሉቺያኖ ሴራ፣ ፓይለት» ለሚባል ፊልም ዋንጫ ሰጥቷል። የዋንጫው ስም «የሙሶሊኒ ዋንጫ» ይባላል። የፊልሙ ሥራ የበላይ ተቆጣጣሪ የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ነው፤ ይህ ሰው ራሱ በእኛ ሰማይ ላይ ቦምብ ጣይ አብራሪ የነበረ ነው። ታሪኩ ደግሞ አንድ ጣሊያናዊ አብራሪ በኢትዮጵያ ጦርነት ልጁን አድኖ «በጀግንነት» ሲሞት የሚያሳይ ነው። የወረራው መርዝና እሳት ያለቀበት አፈር ገና ሳይደርቅ፣ ቬኒስ ላይ ጭብጨባና ዋንጫ።

«ጤዛ» ውስጥ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ተራራው ላይ የጣሊያን ዘመን ቅሪት ቆሞ ይጠብቀዋል። ልጆቹ እዚያ ወጥተው ይጫወታሉ። እኔ ይህን ትዕይንት እስካሁን እንደ መልክዓ ምድር ነበር የማየው። አሁን ሳስበው፣ «ጤዛ» የታየው «ሉቺያኖ ሴራ» በተሸለመበት ደሴት ላይ ነው።

«ጤዛ ቬኒስ ተሸለመ» ስንል የምናወራው ግማሹን ነው። የ1938ቱና የ2008ቱ ሽልማት አብረው መነገር አለባቸው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

---

የሲኒማ ዶሴ

ወንድሜ ጣና ዳር፣ እጅህ ይባረክ። ጥቂት ልጨምርበት፤ ዝርዝሩ ራሱ ታሪክ ስለሆነ።

በ1938 የሙሶሊኒ ዋንጫ ሁለት ነበር፦ አንዱ ለጣሊያን ፊልም፣ አንዱ ለውጭ ሀገር። «ሉቺያኖ ሴራ» የወሰደው የጣሊያኑን ነው። የውጭውን የወሰደው «ኦሊምፒያ»፣ ሌኒ ሪፈንሽታል ስለ በርሊን ኦሊምፒክ ለናዚ ጀርመን የሠራችው ፊልም ነው። ባንድ ዓመት አንዱ ዋንጫ ለሂትለር፣ አንዱ ለአዲስ አበባ ድል ሄደ ማለት ነው። ፈረንሳይ፣ ብሪታንያና አሜሪካ ተቃውመው ወጡ። ፈረንሳዮች «የራሳችንን እናቁም» ብለው ካን ላይ ፌስቲቫል አዘጋጁ፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ሊከፈት ሲል ያንኑ ቀን ጀርመን ፖላንድን ወረረች፣ ነገሩ ቀረ፣ የመጀመሪያው ካን በ1946 ተካሄደ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያየው ካን የተወለደው የእኛ ሬሳ በተሸለመበት ዓመት ቁጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁጣው ግን ለእኛ አልነበረም። ለ«ኦሊምፒያ» ነበር። ስለ ሉቺያኖ ሴራ የተቆጣ ሰው ስም እስካሁን ባነበብኩት ውስጥ አላገኘሁም።

አንድ ሌላ ነገር። የቬኒስ ምርጥ ተዋናይ ሽልማት እስከ ዛሬ «የቮልፒ ዋንጫ» ነው የሚባለው። ጁዜፔ ቮልፒ ፌስቲቫሉን የሚያዘጋጀው የጥበብ ተቋም፣ የቢየናሌው፣ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ፌስቲቫሉ በ1932 ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ። ከዚያ በፊት ግን የሙሶሊኒ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከዚያም በፊት የትሪፖሊታኒያ፣ ማለት የሊቢያ፣ ቅኝ ገዥ ነበር። የሙሶሊኒ ስም ከዋንጫው ተፍቋል፣ የቮልፒ ስም ቀርቷል። በየዓመቱ በሴፕቴምበር አንድ ትልቅ ተዋናይ ያንን ስም ተሸክሞ ፎቶ ይነሳል።

---

የፒያሳው

እኔ በዚህ አካሄድ አልስማማም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከልቤ ስለሆነ በግልጽ ልናገር።

1938 የፋሺስት መንግሥት ዘመን ነው። ያ መንግሥት ወድቋል፤ ሙሶሊኒን ራሳቸው ጣሊያኖች ተኩሰው ገድለው ሬሳውን ዘቅዝቀው ሰቅለውታል። ከ1949 ጀምሮ ሽልማቱ የቅዱስ ማርቆስ አንበሳ ሆኗል። ይሄ አንበሳ ነው በ1951 ጃፓናዊውን ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው። በ1966 ደግሞ ጂሎ ፖንቴኮርቮ የሚባል ጣሊያናዊ የአልጄሪያን የነጻነት ትግል ፊልም ሠርቶ ወርቃማውን አንበሳ ሲወስድ፣ የፈረንሳይ ልዑካን ተቆጥተው ከአዳራሽ ወጥተዋል። ተመልከቱ እንግዲህ፦ በ1938 ፈረንሳይ ፋሺስትን ተቃውማ ወጣች፣ በ1966 ፈረንሳይ ራሷ ቅኝ ገዥ ሆና ተነካች። ቦታው አንድ ነው፣ ሰዎቹ ሌላ ናቸው።

ኃይሌን የሸለሙት ዳኞች ሰብሳቢያቸው ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ ነበር፤ አርጀንቲናዊቷ ሉክሬሲያ ማርቴልም ነበረችበት። እነዚህ ሰዎች ስለ ሉቺያኖ ሴራ ምን ዕዳ አለባቸው? ፊልሙን አዩ፣ ወደዱት፣ ሸለሙት። ያ ዓመት ደግሞ ቀላል ዓመት አልነበረም። ጃፓናዊው የአኒሜሽን ዳይሬክተር ሚያዛኪ ነበር፣ ካትሪን ቢግሎው በኋላ ኦስካር ያስወሰዳትን የኢራቅ ጦርነት ፊልም ይዛ ነበር። ሁለቱም ከዋናዎቹ ዳኞች ምንም ሳያገኙ ሄዱ፤ «ጤዛ» ሁለት ይዞ ሄደ። እኔ የምፈራው፣ የኃይሌን ድካም የሙሶሊኒ ታሪክ ቅጥያ እንዳናደርገው ነው። ገንዘቡን እየለመነ ከአሥር ዓመት በላይ የደከመበት ፊልም ነው። በራሱ እግር ይቁም።

---

ጣና ዳር

የፒያሳው፣ ነጥብህ ገብቶኛል፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ በተለይ። ዳኞቹ ዕዳ አለባቸው አላልኩም። ማወቅ ያለብን እኛ ነን ነው ያልኩት። ፊልሙ ራሱ እኮ ስለ ማስታወስ ነው። አንበርብር መንደሩ ሲገባ ማስታወስ አቅቶት አይደል የሚሰቃየው? እናቱ ጠበል ለጠበል የምታንከራትተው ለምን ሆነና?

---

መስትሬ ነዋሪ

ሰላም ልጆች። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በ2008 እዚያው፣ ፌስቲቫሉ በሚካሄድበት ሊዶ ደሴት ላይ ነበርኩ።

አሁን ከቬኒስ ማዶ የብስ ላይ ባለችው መስትሬ ነው የምኖረው። ያኔ ባዳንቴ ነበርኩ፣ ሽማግሌና አሮጊት ጠባቂ ማለት ነው፤ ጣሊያን ያለን አበሾች ብዙዎቻችን ያለፍንበት ሥራ ነው። የምጠብቃት ሲኞራ 82 ዓመቷ ነበር። ቤቷ ከቫፖሬቶው፣ ከሕዝብ ማመላለሻ ጀልባው፣ መውረጃ ብዙ አይርቅም። ፌስቲቫሉ በኦገስት መጨረሻ ሲጀመር ሌላ ጊዜ ጸጥ ያለው ደሴት ይለወጣል፦ አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሰዎች ብስክሌት ተከራይተው ይሮጣሉ፣ ካፌው ቡና ላይ ዋጋ ይጨምራል፣ ምሽት ላይ የፎቶ አንሺዎቹ ጩኸት እስከ ባሕሩ ዳር ይሰማል። ሲኞራ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሽከርካሪ ወንበሯን እየገፋሁ ወደ ሲኒማ ቤተ መንግሥቱ እንድወስዳት ትፈልጋለች። ሕንጻውን በ1937 ሲከፈት አይታዋለች፣ የሰፈሩ ልጅ ናት። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ቀይ ምንጣፉን እናያለን፤ ለእኔ ሥራ ነው፣ ለእሷ የልጅነት ትዝታ።

አንድ ቀን ማስታወቂያው ላይ «ጤዛ» የሚለውን በላቲን ተጽፎ አየሁት። ከሥሩ «ኢትዮጵያ»። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሲኞራ «ምነው?» አለች። «የሀገሬ ፊልም ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እዚህ ልጅ ሆኜ የሀገርሽን ፊልም አይቻለሁ፤ ናዛሪ የሚሠራበት፣ የአብራሪው» አለችኝ።

ያኔ ምን እንደምትል አልገባኝም ነበር። አሜዴዮ ናዛሪ የዘመኑ ቆንጆ ተዋናይ እንደሆነ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ሴት ልጅ ሁሉ ፎቶውን ትይዝ እንደነበር። ጣና ዳር የጻፈውን ዛሬ ሳነብ ነው ያ ፊልም የትኛው እንደሆነ የገባኝ። አሥራ ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ። ቡናዬ ቀዝቅዞ እዚህ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነው።

---

አዲስ ካሜራ

እቴቴ መስትሬ፣ አይዞሽ። ያነበብኩትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ነገሩን ላበላሽ አይደለም፤ ግን ፊልም የምንሠራ ልጆች አንድ ነገር እንጠይቅ። «የዳኞች ልዩ ሽልማት» ስንተኛ ነው? አንበሳ ነው አይደለም? ሰው ሁሉ የተለያየ ይላል። እኛስ ዛሬ ወደዚያ መግባት ብንፈልግ በየት በኩል ነው?

---

የሲኒማ ዶሴ

አዲስ ካሜራ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጋዜጣ ራሱ ያሳስተዋል።

በ2008 አደራደሩ እንዲህ ነበር፦ ወርቃማው አንበሳ ለምርጥ ፊልም፣ የብር አንበሳ ለምርጥ ዳይሬክተር፣ ከዚያ የዳኞች ልዩ ሽልማት። «ጤዛ» የወሰደው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ፊልሙን ራሱን ከሚሸልሙት መካከል ግን ከወርቃማው አንበሳ ቀጥሎ ያለው እሱ ነበር። ግራ መጋባቱ የመጣው በ2013 «ታላቁ የዳኞች ሽልማት» የሚባል አዲስ ስለገባ ነው፤ ያ ከላይ ተቀመጠ፣ «ልዩ» የሚለው ስም ወደ ታች ወረደ። ስለዚህ የ2008ቱን በዛሬው ሚዛን የሚለካ ሰው ያሳንሰዋል። በ2025 ቱኒዚያዊቷ ካውተር ቤን ሃኒያ ስለ ጋዛዋ ሕፃን ሂንድ ረጀብ በሠራችው ፊልም የወሰደችው ይህንን ታላቁን የዳኞች ሽልማት ነው። ሰው ቆሞ ከ20 ደቂቃ በላይ አጨብጭቦላታል።

ኦዜላ የሚለውን ቃል ደግሞ እወደዋለሁ። የቬኒስ መስፍን በየዓመቱ ለመኳንንቱ የዱር ዳክዬ በስጦታ ይሰጥ ነበር። ዳክዬው እያለቀ ሲመጣ በምትኩ ሳንቲም ማስመታት ጀመሩ፤ ስሙ ከወፍ እንደመጣ ኦዜላ ሆኖ ቀረ። ኃይሌ ለድርሰቱ የተቀበለው የዚያን ሳንቲም ስም ነው።

የዚያ ዓመት ወርቃማ አንበሳ ለዳረን አሮኖፍስኪ የነጻ ትግል ፊልም ሄደ። ቬንደርስ የዚያን ፊልም ዋና ተዋናይ ሚኪ ሩርክን በምርጥ ተዋናይነት ሊሸልም ፈልጎ፣ አንበሳ የወሰደ ፊልም ሌላ እንዲደርብ ደንቡ ስለማይፈቅድ ቀረ፤ በአደባባይም ቅሬታውን ተናግሯል። ወርቃማ አንበሳ ያልወሰዱት እንደ «ጤዛ» ሁለት መያዝ ቻሉ። የወጣት ተዋናዮቹን ሽልማት ደግሞ ገና 18 ዓመቷ የነበረች፣ ማንም የማያውቃት ጄኒፈር ሎውረንስ ወሰደች።

አገባቡን በተመለከተ፦ ዋናው ውድድር 20 ገደማ ፊልም ነው፣ ፊልሙም በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ መታየት አለበት። ዩቲዩብ ላይ ከለቀቅኸው አለቀ። ለጀማሪ የሚሻለው «ኦሪዞንቲ» የሚባለው ዘርፍ ነው። ሁለት በር ደግሞ በተለይ ለእናንተ ልጠቁም። አንዱ በ2012 የተጀመረው «ቢየናሌ ኮሌጅ ሲኒማ» ነው፤ ሐሳብ ይዘህ ትገባለህ፣ የተመረጡት ፊልም መሥሪያ ገንዘብ ያገኛሉ፣ ሲጀመር 150,000 ዩሮ ነበር። ሁለተኛው ከ2013 ጀምሮ የሚካሄደው «ፋይናል ከት» ነው፦ ቀረጻው አልቆ ኤዲቲንግ ላይ ገንዘብ ያለቀባቸውን የአፍሪካና የጥቂት የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገራት ፊልሞች የሚያግዝ። ኤዲቲንግ ላይ ቆሞ የቀረ ፊልም በየቤታችን ስንት አለ? እባካችሁ በዚህ በኩል ሞክሩ።

---

ብርሃን ከዲሲ

እኔ ከዋሽንግተን ነኝ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ያቋቋሙት «ሳንኮፋ» የመጻሕፍት መደብር አለ። «ጤዛ»ን ዲቪዲውን የገዛሁት እዚያ ነው፤ ከመደርደሪያው አንስቼ፣ ቡና ይዤ፣ ለባንኮኒዋ ልጅ ከፍዬ። በዚያ ቀን ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ ቬኒስ ላይ የተሸለመ ሰው ፊልሙን በራሱ ሱቅ ይሸጣል!

በኋላ ሳጣራ ልማዱ እንደሆነ ገባኝ። በ1993 በርሊን ውድድር ውስጥ የገባውን የባርነት ፊልሙን «ሳንኮፋ»ን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ፣ ከከተማ ከተማ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ ነው ያሳየው። የጥቁሮች ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እየሄደ ሰው ጠርቶ አዳራሽ ሞላ። «ጤዛ»ም ቬኒስ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ቱኒዚያ ውስጥ በካርቴጅ ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወርቃማውን ታኒት፣ በ2009 ቡርኪና ፋሶ ኡጋዱጉ ላይ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ትልቁን የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ ወስዷል።

እኔ ሦስቱን ላወዳድር ብባል የኡጋዱጉው ይበልጥብኛል። እዚያ ስታዲየም የሚገባው ተመልካች ራሱ አፍሪካዊ ነው፣ አንበርብር ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ ተምሮ የመጣ ልጁን ወታደር የበላበት ሰው በየቤቱ አለ። ጣና ዳር ሁለቱን ሽልማት አብረን እንንገር ያልከውን እቀበላለሁ። ሦስተኛውን ግን አትርሳው።

---

የፒያሳው

ብርሃን፣ ይህን እኔም ልጨምር ነበር። ትናንት ማታ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አንድ ቦታ ጠንክሬያለሁ። «ሌላ ሰዎች ናቸው» ያልኩት ልክ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። የመስትሬን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን ያቺ አሮጊት በሁለቱም ዘመን እዚያው ነበረች፤ አንዲት ሰው ሁለቱንም በዓይኗ አየች። ስለዚህ ነገሩ ከእኔ ክርክር ይሰፋል።

ስለ ቮልፒ ስም ዶሴ ያነሳኸው ደግሞ መቅረት የለበትም። እዚያ ያሉ ሊቢያውያን፣ ኤርትራውያንና እኛ አንድ ደብዳቤ ብንጽፍ ምን ይላችኋል? በጣሊያንኛ የሚጽፍ ሰው ካለ እኔ በአማርኛው ላይ እረዳለሁ።

---

ጣና ዳር

ደብዳቤው ላይ እኔ አለሁ። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ረቂቅ እዚህ እለጥፋለሁ።

እቴቴ መስትሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በኋላ ለሲኞራ ስለ ፊልሙ ነገርሻት? እሷስ ስለዚያ ስለ አብራሪው ሌላ ያለችሽ ነገር አለ?

---

መስትሬ ነዋሪ

ነገርኳት። ፊልሙን ያየሁት ግን ያኔ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ማን ይጠብቃታል። ሽልማቱን የሰማነው ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን ነው። እራቷን እያበላኋት ነበር። ኃይሌ መድረክ ላይ ሲወጣ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ፤ እልል አልኩ፣ ጎረቤት በር አንኳኳ። ሲኞራ ደንግጣ «ሰው ሞተ?» አለች። «የለም፣ አሸነፍን» አልኳት።

ስለ አብራሪው እኔ አልጠየቅኋትም። ራሷ ናት ከብዙ ወራት በኋላ፣ ክረምት ላይ፣ ገላዋን እያጠብኳት ያነሳችው። «ለናዛሪ አልቅሻለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአውሮፕላኑ ሥር ሰው እንዳለ አላሰብኩም» አለችኝ። ከዚያ በላይ አላለችም፣ እኔም አልመለስኩላትም፤ ፎጣውን አምጥቼ ጀርባዋን አደረቅሁላት።

ደግሞ «ጤዛ» ምን ማለት ነው ብላኝ ነበር፣ ያኔ ማስታወቂያው ሥር ቆመን። «ሩጃዳ» አልኳት፣ በእነሱ ቋንቋ እንዲያ ነው። «ጤ»ን ማለት አቃታት፤ «ቴዛ» ነው የሚወጣላት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ኖርን። ጠዋት ጠዋት የጓሮውን መስኮት ስከፍትላት ገና አልጋ ላይ ሆና «ቴዛ አለ?» ትለኛለች። እኔም ሣሩን አይቼ፣ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም እላታለሁ።

ጣሊያንኛውን እኔ እጽፈዋለሁ። ረቂቁን ላኩልኝ።